ጠቅልዬ ልግባ ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ሜሪላንድ ከአስር ዓመት በላይ ኖረሽ አሁን አዲስ አበባ ጠቅልዬ ልገባ ነው፣ ምኑ ይከብዳል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከዚያው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የመጣሁት። የማውቀውን ልንገርሽ።

ወረቀቱን ቶሎ እንጨርሰው። ዜግነት ቀይረሽ ከሆነ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጪ። ያለ ቪዛ ያስገባሻል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራሻል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ገና ግሪን ካርድ ላይ ካለሽና ከዓመት በላይ መቆየት ካሰብሽ፣ ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለውን ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃድ እዚያው አሜሪካ ሳለሽ አመልክቺ። እዚህ ከደረስሽ በኋላ ማመልከት አይቻልም። መኪናሽንም ሽጪው፤ በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል።

ቤት ስትከራዪ ሳሎኑን አይተሽ አትወስኚ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቂ። አከራይሽ «ውሃ እንኳ ችግር የለም» ካሉሽ ጎረቤት ጠይቂ።

የሚከብደው ግን ሰዉ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እንግዳ ነሽ፤ ዶሮ ይሠራልሻል፣ ሁሉም «እኛ ጋ ሳትመጪ!» ይልሻል። ከዚያ ሁሉም ወደየኑሮው ይመለሳል። አብሮ አደግሽ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለባት፣ ወንድምሽ ማታ ደክሞት ነው የሚገባው። ማንም አልከፋብሽም፤ አንቺ ሳትኖሪ ኑሯቸውን አደላድለው ጨርሰዋል። እኔ ይኼን ሳላውቅ ስንቱን ተቀይሜ ነበር!

ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ዕድር ነው። ግቢ። መግቢያውን ክፈይ፣ ወርሃዊውን አታሳልፊ። እኔ ሰፈር ውስጥ «ዲያስፖራዋ» ነበርኩ። አንድ ጎረቤት አርፈው ልቅሶ ሄድኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳኑ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጫለሁ። አንዲት እናት ከጓሮ ብቅ ብለው «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ምን ሆነ? ነይ ሽንኩርት ክተፊ» አሉኝ። ዱካ ላይ ተቀምጬ ዓይኔ እስኪጠፋ ከተፍኩ። አጠገቤ ያሉት ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ ሟች ያወራሉ፣ መሀል ላይም ይሳሳቃሉ። ከዚያ በኋላ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ባለሱቁ ግን እስካሁን የዲያስፖራ ዋጋ ነው የሚጠራልኝ፤ እሱን ትቼዋለሁ።

ብር ይጠይቁሻል፣ «አብረን እንሥራ» የሚልም አይጠፋም። ዓመት እስኪሞላሽ ለማንም እሺ አትበይ። ቦታም አትግዢ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ሂሳብሽ አይሠራም፤ እዚህ ኖረሽ ነው ዋጋ የሚገባሽ። ልጆች ካሉሽ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነውና ንገሪኝ፣ ለብቻው እጽፍልሻለሁ።

መቼ ልግባ ላልሽው፣ ለገና አትምጪ። በዓል ላይ ከተማው ያምራል፣ ዘመድ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይጠብቅሻል። ሐምሌ ላይ በሁለት ሻንጣ ነይ። ጭቃውን ረግጠሽ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ አምሽተሽ እዪው። ካስቻለሽ ዕቃሽን ያን ጊዜ ታስጭኛለሽ።