ስፖር ይበቅላል ወይስ ይጎነቁላል?

ጥያቄ፦ ስለ ሞስ (አበባና ዘር ስለሌለው ትንሽ አረንጓዴ ተክል) የተጻፈ የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ስተረጉም «አብሲሲክ አሲድ የሞስን ዘር ብቅለት ይቆጣጠራል» ብዬ ነበር (አብሲሲክ አሲድ የዕፅዋት ሆርሞን ነው)። አርታኢው «ዘር»ንም፣ «ብቅለት»ንም፣ «ይቆጣጠራል»ንም አሰመረባቸው። ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ከሦስቱ አጥብቄ የምቃወመው «ዘር»ን ነው። የባቄላ ዘር ሽልና ስንቅ በውስጡ የያዘ፣ ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ አካል ሲሆን፣ ሞስ የሚራባበት ስፖር ግን አንዲት ሕዋስ ብቻ ነው፤ ሲነቃም የሚያወጣው ችግኝ ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ አካል ነው። ስለ ዘረመል በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥማ «የዘሩ ዘረመል» እያልን ከምንደናቀፍ «ስፖር»ን እንዳለ መውሰድ ይሻላል።

«በቀለ» ስህተት አይደለም፤ ብቅልም በቆልትም የወጡት ከእሱው ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው፤ ዛፍም ጢምም ይበቅላል። ገብስ ተዘፍዝፎ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲቆይ፣ ባለሙያዋ ገለጥ አድርጋ ነጩን ጫፍ ስታይ «ጎነቆለ» ወይም «አጎነቆለ» ትላለች። ተመራማሪውም የሚቆጥረው ያንኑ ቅጽበት፣ የስፖሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ ክሩ ብቅ ያለበትን ስለሆነ፣ «ጉንቆላ» ከ«ብቅለት» ይልቅ ልኩ ነው። «አቆጠቆጠ» ግን የተቆረጠ ግንድ ቃል ነውና እዚህ አይገባም።

«ይቆጣጠራል» ሰዋስው ባይጥስም አቅጣጫውን ደብቋል። የዘረመል ቅንብሩ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመለት ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ በተባለው ሞስ ላይ አብሲሲክ አሲድ ጉንቆላን ይገታል፤ ጂበሬሊን የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ዘመድ የሆኑ፣ ዳይተርፒን የሚባሉ ውህዶች ያፋጥኑታል፤ ዴላ የተባሉት ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ዘረመል የተወገደበት ሞስ ስፖሮች ደግሞ ቀድመው ስለሚጎነቁሉ፣ ዴላ «ያዘገያል» ማለት ይቻላል። በአበባ ዕፅዋት ጂበሬሊን ዴላን እያስወገደ ዘርን ያስጎነቁላል፤ ሞስ ግን ይህ ትስስር የለውም፤ ስለዚህ የአበባ ዕፅዋቱን አገላለጽ ወደ ሞስ መገልበጥ ከቃል ምርጫ ያለፈ ስህተት ይሆናል።

እንግዲህ «አብሲሲክ አሲድ የሞስ ስፖሮችን ጉንቆላ ይገታል» ይበሉ። የሚተረጉሙት ሙከራ ስፖሮቹ ቆይተውም ቢሆን መጎንቆላቸውን የሚያሳይ ከሆነ «ይገታል»ን በ«ያዘገያል» ይለውጡት።