ዩኒየናችን አድማ ሊጠራ ነው፤ ምን ብዬ ድምፅ ልስጥ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ ትልቅ የቴሌኮም ድርጅት ቴክኒሻን ሆኜ ስሠራ 9 ዓመት ሞላኝ። ፋይበር እዘረጋለሁ፣ ምሰሶ ላይ እወጣለሁ፣ ዝናብና ንፋስ ያበላሸውን መስመር እጠግናለሁ። የዩኒየን አባል ነኝ። የኅብረት ስምምነታችን ሊያበቃ 5 ሳምንት ቀርቶታል፤ ድርድሩ ግን አልንቀሳቀስ ብሏል። ድርጅቱ ለጤና ኢንሹራንስ ከደመወዛችን የሚቆረጠውን ሊጨምርብን ይፈልጋል። የአዳዲስ ደንበኞችን ሥራ ደግሞ ለኮንትራክተሮች ሊሰጥ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ አድማ ይጠራ አይጠራ ብለን ድምፅ እንሰጣለን።

እኔ ሁለት ልብ ሆኛለሁ። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ሌሊት ሲያስል ባለቤቴ ትነሳለች፤ ኢንሄለሩን ነቅነቅ አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚቀረው ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ታያለች። ባለፈው እሑድ ስለ አድማው ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም። ሄዳ ኢንሄለሩን አመጣችና ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። 34 ይላል።

እናቴ ደሴ ናት፤ በየወሩ እልክላታለሁ። እቁብም ገብቻለሁ፤ ዕጣዬ ገና አልወጣም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ቴሌ ነው የሠራው። ቤታችን ውስጥ «አድማ» የሚለው ቃል ሲነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። «አድመኛ» መባል እኛ ሰፈር ስድብ ነው። ያ ፍርሃት ከውስጤ አልወጣም። አብሮኝ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ደግሞ «በሰው አገር ምን አገባህ? እነሱ ሲወጡ አንተ ግባ፣ ኦቨርታይሙን ትሠራለህ» ይለኛል። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ የዜግነት ማመልከቻዬ መልስ አላገኘም። ይሄስ ጣጣ ያመጣብኝ ይሆን?

አድማውን ልደግፍ ወይስ ልቃወም? ወይስ ዓይኔን በጨው አጥቤ እነሱ ደጅ ቆመው እኔ ልግባ?

ሁለት ልብ የሆነው፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ያ 34 ቁጥር ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ባለቤትህ አንድም ቃል ሳትናገር ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችህ። ስጋቷ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 40,000 የሚጠጉ ቬራይዞን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ሠራተኞች ኤፕሪል 13 ቀን አድማ መቱ። ሜይ 1 ላይ ኩባንያው የጤና ኢንሹራንሳቸውን አቋረጠ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። በአንተም ላይ ሊደርስ ይችላል ብለህ ተዘጋጅ።

አምስት ሳምንት አለህ። አሁን ኢንሹራንስህ ይሠራል። ለሐኪሙ ደውልና የ90 ቀን መድኃኒት እንዲያዝለት ለምነው። የልጁ ቀጠሮ ካለ ቀኑ ቀደም እንዲል አድርግ። ኢንሹራንሱ ቢቋረጥ እንኳ ኮብራ የሚባለው አለ፦ ራስህ እየከፈልክ በዚያው ኢንሹራንስ መቀጠል ነው። ውድ ነው፤ ግን ለመወሰን 60 ቀን ይሰጥሃል፤ ከገባህበት ደግሞ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሮጠህ መክፈል የለብህም። ለልጆች ብቻ ደግሞ የስቴቱን ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ጠይቅ፤ ለእሱ የመመዝገቢያ ወቅት መጠበቅ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ጽፈህ ለባለቤትህ አሳያት። ኢንሄለር ላስቀመጠች ሴት በንግግር ብቻ አትመልስላት።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ። አባትህ ፈሪ አልነበረም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ቴሌኮም እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉ የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የእነዚህ ተቋማት ሠራተኞች አድማ መምታት አይችሉም። እሱ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ልጆቹን ሊያሳድግ ነው። አንተ ግን ያለህበት አገር ሕግ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ጋር ሥራ የማቆም መብት አለው። የአባትህን ጥንቃቄ ያዝ፤ ፍርሃቱን ግን አትውረስ።

ግሪን ካርድህን በተመለከተ፣ ሕጋዊ አድማ ላይ መሳተፍ መኖሪያ ፈቃድህን አይነካም፣ ዜግነትም አያስከለክልም። አንድ ነገር ግን አደራ። የዜግነት ቅጹ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደጅ ላይ ስትቆም መኪና አታግድ፣ ከሚገባ ሰው ጋር እጅ አትማዘዝ፣ ፖሊስ ዞር በሉ ሲል ዞር በል። ጠበቃህንም ቀድመህ አነጋግር።

ዋናው ጥያቄህ ላይ ሐሳቤ ይህ ነው፦ አድማውን ደግፈህ ድምፅ ስጥ። የሐሙሱ ድምፅ አድማው ራሱ አይደለም፤ ተደራዳሪዎቻችሁ ካስፈለገ አድማ እንዲጠሩ ሥልጣን መስጠት ነው። ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ «አዎ» ሲል ድርጅቱ ያንን ቁጥር ያያል። ብዙ ስምምነት የሚፈረመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ደጅ ሳይወጣ። ግማሹ «አይሆንም» ካለ ግን ተደራዳሪዎቻችሁ ባዶ እጃቸውን ነው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት።

ይሁን እንጂ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን አታንሣ። ከሐሙስ በፊት የዩኒየን ተጠሪያችሁን ያዝና ጠይቀው፦ አድማው የሚጠራው ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ነው ወይስ ድርጅቱ ሕግ ስለጣሰ ነው? የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። በ1938 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማካይ በተባለ የራዲዮና ቴሌግራፍ ኩባንያ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር አለ። ለደመወዝ ብሎ አድማ የመታ ሰው አይባረርም፤ ቦታው ላይ ግን ሌላ ሰው በቋሚነት ሊቀጠር ይችላል፤ በኋላ በመጡ ውሳኔዎች ደግሞ እሱ ቦታ እስኪከፈት ወረፋ ይጠብቃል። ድርጅቱ ሕግ በመጣሱ፣ ለምሳሌ በቅን ልቦና ባለመደራደሩ የተጠራ አድማ ከሆነ ግን ቦታህ ይጠበቃል። በ2024 በደቡብ ምሥራቅ 9 ስቴቶች 17,000 የኤቲ ኤንድ ቲ ሠራተኞች የወጡት በዚህኛው መንገድ ነበር። ወደ አንድ ወር ቆዩ፤ በ5 ዓመት ውስጥ 19.33 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ይዘው ተመለሱ።

ስለ ገንዘቡም ጠይቅ። ብዙዎቹን የቴሌኮም ሠራተኞች የሚወክለው ሲደብሊውኤ የተባለው ዩኒየን ለአድመኛ የሚከፍለው ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ በሳምንት 300 ዶላር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ ናቸው ማለት ነው። እቁብህን አታቋርጥ፤ ሰብሳቢውን አነጋግረህ ዕጣህ ቀደም እንዲልልህ ጠይቅ። የእኛ ሰው በዚህ አይጨክንም። ለእናትህም ከአሁኑ ደውልላት፤ አንድ ሁለት ወር ሊቀንስ ይችላል በላት።

ሁሌም ይሳካል ብዬ አልዋሽህም። እ.ኤ.አ. በ2011 45,000 የቬራይዞን ሠራተኞች አድማ መቱ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ያለ ስምምነት ተመለሱ፤ ውሉ የተገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የ2016ቱ ግን 7 ሳምንት ፈጀና 10.9 በመቶ ጭማሪና ከ1,000 በላይ አዲስ የሥራ ቦታ አመጣ። ያኔም ዩኒየኑ በኢንሹራንስ በኩል የለቀቀው ነገር ነበር።

ኢንሹራንስ ካልን አንድ ነገር ልንገርህ። በ1989 ወደ 60,000 ናይኔክስ የተባለው የስልክ ኩባንያ ሠራተኞች ኒውዮርክና ኒው ኢንግላንድ ውስጥ 17 ሳምንት ደጅ የቆሙት ልክ እንደ እናንተ «የኢንሹራንሱን ወጪ እናንተ ቻሉ» ስለተባሉ ነው። እምቢ አሉ፤ አሸነፉም። ጌሪ ሆርጋን የሚባል ሠራተኛ ግን እዚያው የአድማው ቦታ ላይ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ ሸሚዝ የሚለብሱ ባልደረቦችህን አይተህ ከሆነ፣ ለእሱ ነው። አንተ ዛሬ ለልጅህ መድኃኒት የምታወጣበትን ኢንሹራንስ ያቆዩልህ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የጓደኛህን ምክር አልቀበልም። አንተ ምሰሶው ላይ ስትወጣ ከሥር መሰላሉን የሚይዝልህ ሰው አለ አይደል? እሱ ደጅ ብርድ ላይ ቆሞ አንተ በቫን ስታልፈው ያይሃል። አድማው ያልቃል፤ መሰላሉ ግን ነገም አለ። ለቅሶ ያልደረሰን ሰው ዕድርተኛው እንዴት እንደሚያየው አንተ ታውቃለህ። ዩኒየኑም ጥሶ የገባ አባሉን ሊቀጣ ይችላል። ተጠሪያችሁ ለጥያቄዎችህ በቂ መልስ ካጣ ሳታፍር «አይሆንም» በል፤ ድምፁ የአንተ ነው። ብዙኃኑ አድማ ካለ ግን አብረሃቸው ቁም።

ከሐሙስ በኋላ የሆነውን ጻፍልኝ። የልጅህንም ነገር እንዳትረሳ።