ከባንኮክ ጓንግዡ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ትኬትሽ ላይ መነሻ 10:00፣ መድረሻ 14:00 ስለሚል «አራት ሰዓት ሙሉ ነው እንዴ?» ላልሽው፣ አይደለም። አየር ላይ የምትቆዪው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ርቀቱ በአየር 1,700 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጓንግዡ ባንኮክን በ1 ሰዓት ስለምትቀድም ነው አራት የመሰለሽ። ስትመለሺ ደግሞ ሁለት ሰዓት ብቻ ይመስላል።

ይልቅ አንድ ነገር አደራ። ባንኮክ ሁለት ኤርፖርት አላት፤ ሱቫርናብሁሚ እና ዶን ሙዌንግ። ከአዲስ አበባ ስትመጪ የምታርፊው ሱቫርናብሁሚ ነው። ርካሽ በረራዎች ግን ብዙዎቹ ከዶን ሙዌንግ ነው የሚነሱት። እኔ ይህን ሳላይ ቀርቼ፣ ሁለት ሻንጣ ይዤ በዚያ ትራፊክ ከተማውን በታክሲ አቋርጫለሁ። የደረስኩት ቼክ ኢን ሊዘጋ ሲል ነበር። ትኬትሽ ቢኬኬ (BKK፣ ሱቫርናብሁሚ) ይላል ወይስ ዲኤምኬ (DMK፣ ዶን ሙዌንግ)? አሁኑኑ እዪው።