ውሃ ወደ ሕዋስ «ይገባል» ወይስ ሕዋሱ «ያስገባዋል»?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የምናብራራው በአማርኛ ነው። ተማሪዎቼ አንዴ «ውሃ ወደ ሕዋሱ ገባ»፣ ሌላ ጊዜ «ሕዋሱ ውሃ አስገባ» ይላሉ። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው?

መልስ፦ ያርሟቸው። «ገባ» ሲባል የሚንቀሳቀሰው ገቢው ራሱ ነው፤ «አስገባ» ሲባል ግን ሌላ አድራጊ አለ። ከ«ወጣ» «አወጣ» እና «አስወጣ» ይገኛሉ፤ ከ«ገባ» የሚገኘው «አገባ» ግን የጋብቻ ቃል ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግለን «አስገባ» ብቻ ነው።

ከራሳችሁ ሐይቅ ዓሣ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ የሚኖረው ከደሙ ያነሰ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ነው። በኦስሞሲስ ውሃ የሟሟው ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት የሕዋስን ሽፋን አልፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓሣው ባይጠጣም እንኳ ውሃው በመተንፈሻ አካሉ በኩል ይገባል። ጨውም ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሰራጭ ከሰውነቱ ይወጣል። ለሁለቱም ዓሣው ጉልበት አያወጣም። ነገሩ በዚህ ቢቀር ግን አብጦ ይሞት ነበር። ስለዚህ ኩላሊቱ ትርፉን ውሃ በብዙ ቀጭን ሽንት ያስወጣል፤ የመተንፈሻ አካሉ ሕዋሶችም ጨውን ካነሰበት ሐይቅ ወደ በዛበት ደም፣ ጉልበት አውጥተው ያስገባሉ። ተማሪዎቹ እነዚህን አራት ግሶች በቦታቸው ካዋሉ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

«አስገባ» እና «አስወጣ» በእኛ ሕዋሶች ላይም በትክክል ይሠራሉ። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳወቀው፣ በ1997ም የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘለት የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ (በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን) አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ለሕዋሱ ጉልበት የሚሰጥ ሞለኪውል፣ በተጠቀመ ቁጥር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። እዚህ ላይ «ሶዲየም ወጣ» ብሎ መተው ዋናውን ነገር፣ የወጣውን ጉልበት፣ ይደብቃል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ፤ ተማሪዎቹ የሚሳሳቱትም በዚሁ ይመስለኛል። «መስኮቱ ብርድ ያስገባል» እንላለን። መስኮቱ አይደክምም፤ አልከለከለም ማለታችን ነው። «አስገባ» በአማርኛችን መፍቀድንም ማድረግንም ይይዛል፤ ስለዚህ «ሽፋኑ ውሃ ያስገባል» ያለ ተማሪ በሰዋስው አልተሳሳተም። በባዮሎጂ ክፍል ግን ለመፍቀዱ «ያሳልፋል»ን ስጧቸው፤ «ያስገባል» ጉልበት ለሚጠይቀው ይቆይ። ግሉኮስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚሄደው በፕሮቲን መተላለፊያ ቢሆንም ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሆነ «ፕሮቲኑ ያሳልፋል፣ ግሉኮሱ ይገባል» ነው የሚባለው። በመተላለፊያ ማለፉ ብቻ «አስገባ» አያሰኝም።

«ጨው ውሃ ይስባል» የሚለውን በንግግር አልቃወምም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ግን ውሃው ከየት ወደ የት እንደሄደ ይጻፍ። ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያን ሽፋኑን አጥፎ ሲከብበውና ወደ ውስጥ ሲያደርገው ደግሞ «ዋጠ» በቂ ነው፤ ሌላ ቃል አይፈልጉለት።