ስሜ ያልተነበበው 50 ብር

ጥያቄ፦ አባ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመንዝ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እሸጣለሁ። ባለፈው እሑድ ለቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማደሻ 50 ብር ሰጠሁ። 5,000 ብር የሰጡት ሰው ስማቸው ተነበበ፤ ተጨበጨበላቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አሥራት ካላወጣሁ ኃጢአት ይሆንብኛል?
ባለ ባናዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ጭብጨባው እኔንም አይመቸኝም። (ቆርቆሮ በባዶ ኪስ ስለማይገዛ በ5,000 ብሩ ግን አልከፋም።) የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 222 ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን እንዲረዱ ያዛል እንጂ ከመቶ አሥር ብሎ አይቆርጥም። ቀኖና 848 ደግሞ ችግረኛ በድህነቱ ምክንያት ምስጢራትን እንዳያጣ ካህኑን ያሳስበዋል፤ ይህ ለእኔ የተጻፈ ነው።

ማርቆስ ምዕራፍ 12ን አንብቢ። ጌታ ሁለት ሳንቲም ስለጣለችው መበለት የነገረው ለደቀ መዛሙርቱ ነው። እርሷን ጠርቶ በሕዝብ ፊት አላቆማትም። ምናልባት ሳትሰማ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

ገበያ በቀዘቀዘበት ሳምንት 50 ብር ከየት እንደወጣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልጆችሽን አስርበሽ እንድትሰጪ ግን አልመክርም። ያልተሸጠ ባና ካለሽ፣ በሐምሌ ብርድ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ከሠፈርሽ አይጠፋምና ለእርሱ አልብሺው። ለማንም አትንገሪ፤ ለእኔም ቢሆን።