የኮሚት መልእክቶቼ በራሳቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቢወጡ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኮሚት ባደረግሁ ቁጥር (የኮድ ለውጥ ከአጭር ማብራሪያ መልእክት ጋር ባስመዘገብሁ ቁጥር) መልእክቱን ኤክስና ማስቶዶን ላይ የሚለጥፍ ስክሪፕት አለኝ። ኮዱ አይወጣም፣ መልእክቱ ብቻ ነው። የቅጥር ውሌ ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥፋተኛ እባላለሁ?

መልስ፦ ሊባሉ ይችላሉ። «ኮዱ አልወጣም» የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያስኬድዎትም። እንዲህ ያሉ የውል አንቀጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት በሥራ ምክንያት ያወቁትን መረጃ ሁሉ ነው። «ለእገሌ ባንክ የብድር ማስያ ተጨመረ» የምትል አንዲት መስመር ደንበኛው ማን እንደሆነና ምን እያሠራ እንዳለ ትናገራለች።

አሠሪዎ ነገሩን አቅልሎ የማያየው ለራሱም ሲል ነው። የትሪፕስ ስምምነት (የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት) አንቀጽ 39 ለንግድ ምስጢር ጥበቃ የሚሰጠው ባለቤቱ ምስጢርነቱን ለመጠበቅ ተገቢ እርምጃ ከወሰደ ነው። ስክሪፕቱን እያወቀ ዝም ያለ ድርጅት ነገ ሌላውን ሲከስ «አንተው ራስህ አልጠበቅኸውም» ይባላል።

ከሁሉ የከፋው የደኅንነት ጥገና ነው። «ያለ ፊርማ የሚያልፈው የክፍያ ጥያቄ ታገደ» ብለው ኮሚት ሲያደርጉ ሰርቨሩ ላይ ያለው ገና አሮጌው ቅጂ ነው። ጥገናው እስኪጫን ድረስ ቀዳዳው የት እንዳለ ለዓለም ነግረዋል። በዚያ መሐል ጉዳት ከደረሰ የካሳ ጥያቄው ወደ እርስዎ ለመምጣት መንገዱ አጭር ነው።

ድርጅቱ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለማውጣት ካሰበ ደግሞ የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 54 ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የወጣን ነገር እንደ አዲስ አይቆጥርም፤ አሜሪካ ለፈጣሪው የ1 ዓመት ፋታ ትሰጣለች። አጭር የኮሚት ርዕስ (የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር) ብቻውን ፈጠራን ያበላሻል ማለት ይከብዳል። አልጎሪዝሙን በአምስት አንቀጽ የሚያብራራ የመልእክት አካል ግን ሊያበላሸው ይችላል።

ስክሪፕቱ የጋራ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ከተሰካ የባልደረቦችዎ ስምና ኢሜይልም አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱም በአውሮፓው የግል ዳታ ሕግ የግል ዳታ ናቸው። የቅጂ መብቱን ነገር እዚህ ላይ አላስረዝመውም፣ የአንድ መስመር ጽሑፍ ባለቤትነት ዋናው ራስ ምታትዎ አይደለም።

ልማዱን መተው ካልፈለጉ ስክሪፕቱን ይቀይሩት። ፖስት-ኮሚት ሁክ (ከኮሚት በኋላ በራሱ የሚነሳ ስክሪፕት) ኮሚቱ ገና ኮምፒውተርዎ ላይ ሳለ ስለሚነሳ፣ በኋላ ያረሙት ወይም የጣሉት ኮሚት እንኳ ተለጥፎ ያድራል። በምትኩ የሪሊዝ ታግ (ለተጠቃሚ የሚለቀቅ ቅጂ ምልክት) ሲወጣ ብቻ ይነሳ። የሚፈቀዱ ሪፖዚተሪዎችን በስም ይዘርዝሩለት፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ሁሉ ይታገድ። የርዕሱን መስመር ብቻ ይውሰድ፣ የደራሲውን መስክና የጋራ ደራሲዎችን ስም የሚይዙትን «ኮ-ኦተርድ-ባይ» የሚሉ መስመሮች ይጣል። ጽሑፉም በቀጥታ ከመለጠፍ ይልቅ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጥና እርስዎ አይተው ይልቀቁት። አካውንቱን ቦት ብለው ምልክት ያድርጉበት። የራስዎ ክፍት ሪፖዚተሪ ከሆነና አሠሪዎ የባለቤትነት ጥያቄ ከሌለው፣ መልእክቱ ቀድሞውኑ ለሕዝብ የወጣ ስለሆነ ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ከዚያ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ኢሜይል ይበቃል፦ «ከእነዚህ ሪፖዚተሪዎች፣ ከሪሊዝ በኋላ፣ የደንበኛ ስምና የደኅንነት ጥገና ሳይጨምር፣ የኮሚት ርዕሶችን በግል አካውንቴ እንድለጥፍ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ፤ በተጠየቅሁ ጊዜ አቆማለሁ።» የቡድን መሪዎ በቃል «ችግር የለውም» ማለቱ አይበቃም፤ ድርጅቱን በውል የማስገደድ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል።

እስካሁን የወጣውን በተመለከተ መጀመሪያ ስክሪፕቱን ያጥፉ። የይለፍ ቃል ወይም የኤፒአይ ቶክን (ፕሮግራሞች እንደ ቁልፍ የሚጠቀሙበት ኮድ) አምልጦ ከሆነ ያንኑ ደቂቃ ያሰርዙት፤ ልጥፉን ማጥፋት ብቻውን ቶክኑን አያመክነውም። የልጥፎቹን ቅጂ ከነቀንና ሰዓታቸው ሳያስቀምጡ ግን በጅምላ አይደምስሱ፣ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ እንዳጠፉ ሊቆጠርብዎ ይችላል። ቅጂውን ይዘው ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የትኞቹ ልጥፎች መውረድ እንዳለባቸውም አብረው ይወስኑ።