ስክሪን ላይ ያማረው ጽሑፍ ወረቀት ላይ ለምን ደቀቀ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ብሮሹር በኤ4 መጠን ሠርቼ የአንቀጹን ፊደል 11 ፖይንት አደረግሁት። ደንበኛው ወጪ ለመቀነስ ሲል ፋይሉ እንዳለ ወደ ኤ5 ተቀንሶ ታተመ። ያየው ሁሉ «ፊደሉ ደቀቀብን» ይላል። ስንት ፖይንት ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ኤ4 ወደ ኤ5 ሲወርድ ርዝመቱም ወርዱም 71 በመቶ ያህል ይሆናል። ፊደሉም አብሮ ስለሚወርድ የእርስዎ 11 ፖይንት 7.8 ሆኖ ነው የታተመው። በ14 ፖይንት ሠርተው ቢሆን 10 ገደማ ይደርስ ነበር፤ ግን ሲቀነስ ቀጫጭን መስመሮችና ኅዳጎችም አብረው ስለሚሳሱ ሰነዱን በኤ5 ከፍቶ እንደገና መደርደር ይሻላል።

ፖይንት 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሚለካው ግን ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተቀመጠበትን ሳጥን ነው። ሁለት ፎንቶች እኩል 10 ፖይንት ሆነው አንዱ ጎልቶ ሌላው ኮስሶ የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለረጅም ንባብ ከ10 እስከ 11 ይነሱና ቁጥሩን ሳይሆን ወረቀቱን ይመኑ። «ነኘ ተቸ ሰሸ ጠጨ ጬ ሿ» ብለው በ8፣ በ9፣ በ10 እና በ11 ይጻፉ። «በገጹ ልክ አስተካክል» የሚለውን ምርጫ አጥፍተው በ100 በመቶ ያትሙና 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይዘው ያንብቡ። «ኘ» ከ«ነ» መለየት ካቃተ፣ ወይም የ«ጬ» ውስጥ ከተደፈነ፣ ከዚያ መጠን በ1 ፖይንት ከፍ ይበሉ። ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት ምንም አይነግርም።

የመስመሩን ክፍተትም አይርሱ። የአማርኛ ፊደላት አብዛኞቹ ረጃጅም ናቸው፤ እንደ ላቲኑ ትንንሽ ፊደላት በመስመሮች መካከል ነጭ ቦታ አይተዉም። ለ10 ፖይንት ፊደል ከአንዱ መስመር መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ 14 ወይም 15 ፖይንት ይስጡ፤ በ12 ሲደረደር መስመሮቹ ይጣበቃሉ።

ጥያቄ፦ ጥቁር መደብ ላይ ያስቀመጥኩት ነጭ ጽሑፍ ተቆራርጦ ወጣ። ፎንቱ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ፎንቱ ቀጭን ከሆነ፣ አዎ፤ በከፊል። ዋናው ግን ቀለሙ ነው። ዙሪያውን ያለው ቀለም ወደ ፊደሉ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። መደቡ በአራቱም የኅትመት ቀለማት (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ተደራርቦ ከተሠራ፣ ፕሌቶቹ (እያንዳንዱን ቀለም የሚያትሙት ሰሌዳዎች) የፀጉር ያህል ሲዛነፉ ቀጫጭኑ ጭረት ይዋጣል። መደቡን በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ያድርጉ፣ ፊደሉን በ1 ፖይንት ያሳድጉ፣ ወፈር ያለውንም ዓይነት ይምረጡ። ነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ደቃቅ ጥቁር ጽሑፍም እንዲሁ 100 በመቶ ጥቁር ብቻ ይሁን፤ ከአራት ቀለም ከተቀላቀለ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ከ3 ሜትር ርቀት የሚነበብ ፖስተር ላይ ርእሱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሳይጨነቁ ይነበባል፤ በብዙ ፎንት ይህ 100 ፖይንት አካባቢ ነው። ታትሞ ሲወጣ በማስመሪያ ይለኩት።